ለአዳማ ቤት የመውጫ ቦርሳ፦ ምን ይግባበት፣ የት ይቀመጥ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ እንዲህ ነበር፦ አዳማ ግቢ ውስጥ ተከራይታችሁ ነው የምትኖሩት፤ የ4 ዓመትና የ9 ወር ልጆች አሉሽ፤ ኢንሱሊን የሚወጉ እናትሽም አብረውሽ ናቸው፤ ባለቤትሽ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ብዙ ሌሊት ቤት አያድርም። መሬት ቢንቀጠቀጥ ወይም ጎርፍ ቢገባ ምን ይዘን እንውጣ፣ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይበቃል ወይ ብለሻል።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ አካባቢ ባሉት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ሲናጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቅቋል፤ ንዝረቱ አዳማም ድረስ ተሰምቷል። አዳማ ደግሞ ዙሪያዋ ኮረብታ ነውና የክረምቱ ውሃ ወደ መሃል ይወርዳል። መጠየቅሽ ተገቢ ነው።

ትልቁን ሻንጣ ተዪው። ጎማ ያለው ሻንጣ ጭቃና ኮብልስቶን ላይ አይሄድም። አንቺን አስቢ፦ ሕፃኑ በአንቀልባ ጀርባሽ ላይ ነው፣ ብቻውን ወደ 9 ኪሎ ይሆናል። አንድ እጅሽ የትልቁን ልጅ ይይዛል። ስለዚህ የጀርባ ቦርሳ እንኳ ቦታ የለውም፤ በደረት ላይ በአግድም የሚንጠለጠል፣ ከ5 ኪሎ ያልበለጠ ቦርሳ ነው የሚያስፈልግሽ። ሞልተሽ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኚው፤ በእጅ ግምት ሁሉም ቀላል ይመስላል። ሁለተኛ፣ ከበድ ያለ ቦርሳ አዘጋጂ፤ ጊዜ ካለ ወይም ጎረቤት ከደረሰ ይወጣል፣ ካልሆነ ይቀራል። የግድ የሆነ ነገር ሁለተኛው ውስጥ አይግባ።

ውሃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ይታሰባል፤ ለአራታችሁ ለሦስት ቀን 36 ሊትር፣ ማለትም 36 ኪሎ ነው። ማንም አይሸከመውም። የመጀመሪያው ቦርሳ ውስጥ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ሁለት፣ ከእሱ ጋር ውሃ አጋር ወይም የማከሚያ እንክብል አድርጊ። የእንክብሎቹ መጠን ይለያያል፤ አንዱ ለጥቂት ሊትር ሌላው ለሙሉ ጄሪካን የተሠራ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን አንብበሽ የሊትሩን ቁጥር በእስክሪብቶ አጉልተሽ ጻፊበት። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ንጹሕ ነጠላ አራት ጊዜ አጥፈሽ አጥልዪው፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋል። ከጨመርሽ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቂ። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ያለው ፍሎራይድ በመድኃኒትም በማፍላትም አይወጣም፤ ለጥቂት ቀን ግን አያሳስብሽ። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦአርኤስ አራት ከረጢት ያዢ፤ አንዱ በ1 ሊትር ይበጠበጣል፣ ልኩ ያው ሃይላንድሽ ነው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን ድፊው።

ለምግብ በሶን የሚያህል የለም፤ እሳት አይፈልግም። ግማሽ ኪሎ ለአምስት ጊዜ ያህል ይበቃል። ስኳሩን ለብቻ ያዢው፣ ለእናትሽ ሳይጨመርበት ይበጠበጣል። ቆሎው ጨው የሌለው ይሁን፤ ጨው ያለችሽን ጥቂት ውሃ ያስጨርስሻል። ጭኮ ጥሩ ስንቅ ነው፣ ግን በአዳማ ሙቀት ቅቤው ይቀልጥና ሰነዱን ያበላሻል፤ ጾም ላይም አይሆንም። ሕፃኑ ጡት የሚጠባ ከሆነ ትልቁ ችግር ተቃሏል። ዱቄት ወተት ከሆነ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ አጠጪው፤ ጡጦ ያለ ፈላ ውሃ አይጸዳም።

አሁን ወደ እናትሽ። ኢንሱሊን ቀድሞ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ ፍሪጁ በር ላይ በትልቁ «ኢንሱሊን» ብለሽ ለጥፊ፤ በድንጋጤ ሰዓት ሰው የሚያስታውሰው የሚያየውን ነው። የተከፈተው ከሙቀት ከተጠበቀ በግምት አራት ሳምንት ይቆያል፣ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ማለፍ ቀላል ነው። ስትወጪ ብልቃጡን በትንሽ ፌስታል ቋጥረሽ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዪውና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያዢው፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና አርጥቢው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ጨርቁ በደንብ ያቀዘቅዛል። በረዶ ከሆነ ጠርሙስ ጋር ግን አታገናኚው። አንዴ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፣ በዓይን ደግሞ ላይታወቅ ይችላል። በተፈጥሮው ደመናማ የሆነው ዓይነት በመዳፍ መሃል ቀስ ብሎ ተንከባሎም ጓል ከቀረበት ይጣል። መርፌ 10፣ የስኳር መለኪያውና ደም የሚነካባቸው ቁራጮቹ (ስትሪፕ) ቦርሳው ውስጥ ይኑሩ። ስኳራቸው ወርዶ ሲያልባቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የሚሰጥ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ፕላስቲክ ተቋጥሮ በእሳቸው ኪስ ይሁን፤ ከአንቺ ቢለያዩስ? ምግብ ሲያንስ የኢንሱሊኑ መጠን እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪማቸውን ከወዲሁ ጠይቂና በወረቀት ጽፈሽ ከመርፌው ጋር አኑሪው።

ሰነድ፦ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የክትባትና የጤና መድን ካርድ። ኮፒው ቦርሳው ውስጥ በሁለት ፌስታል፣ ዋናው በአንድ ፖስታ እዚያው አጠገብ። ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል፤ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድም ላኪው። ስልክ ቁጥሮችን በወረቀት ጻፊ፤ የአዳማን እሳት አደጋ ቁጥር ከቀበሌሽ ጠይቀሽ ጨምሪበት። ለትልቁ ልጅ ስሙንና የአንቺን ቁጥር በጨርቅ ላይ ጽፈሽ ልብሱ ውስጥ ስፊለት። ብሩ ጥሬ ይሁን፣ በ10፣ በ50 እና በ100 ተዘርዝሮ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፤ ባጃጅ ደግሞ በዚያ ሰዓት መልስ የለውም። ልኩ ሁላችሁም ዘመድ ጋ የምትደርሱበት መሳፈሪያና የሁለት ቀን ምግብ ነው።

የቀረው ቦታ ለዳይፐር (8 ያህል)፣ ለሞዴስ፣ ለሳሙና፣ ለነጠላ፣ ለፓወር ባንክና ለእጅ ባትሪ ነው። የባትሪውን ድንጋይ ካወጣሽ በኋላ በፕላስተር አጣብቀሽ ጎኑ አስቀምጪ፤ ውስጡ ከተረሳ ያዣል፣ የፈለግሽው ዕለት አይበራም። ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ ቀላል ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ አጎበር፣ ተጨማሪ ውሃና ቅያሪ ልብስ። ጋቢ ይሞቃል፣ ከረጠበ ግን ክብደቱ አይቻልም።

ቦርሳውን መሬት ላይ አታኑሪ፣ ጎርፍ ይቀድምሻል። ቁም ሳጥን ላይም አይሁን፣ ሲናጥ ይወድቃል። በሩ አጠገብ፣ በደረት ቁመት ልክ፣ በጠንካራ መንጠቆ ስቀይው፤ አንቀልባውንም አብረሽ። ከሁሉ በላይ ግን የምሰጋልሽ የግቢው በር ነው። ሌሊት በጓጉንቸር ተቆልፎ ቁልፉ አከራይ ትራስ ሥር ካደረ ቦርሳው ምን ያደርጋል? ዛሬውኑ ሂጂና «እትዬ፣ ባለቤቴ በሌለበት ሌሊት ልጆቹን ይዤ መውጣት ቢኖርብኝ ቁልፉን ላስቀርጽ» በያቸው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ያንቺም የቤት ቁልፍ ማታ ማታ ከቦርሳው መንጠቆ ላይ ይደር።

መሬት ሲንቀጠቀጥ ቦርሳ ፍለጋ አትሩጪ። ልጆቹን ይዘሽ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቢ፣ ከሌለ ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ርቀሽ ጭንቅላታቸውን ሸፍኚ። ሲቆም ጫማ፣ ቀጥሎ የጋዝ ሲሊንደሩን ቫልቭ መዝጋት፣ ኢንሱሊን፣ ቦርሳ፣ መውጣት። የሁሉም ጫማ አልጋው ግርጌ በፌስታል ይደር፤ የተሰበረ መስታወት በጨለማ አይታይም። ውጪ ከአጥርና ከመብራት ምሰሶ ራቁ። ጎርፍ ከሆነ ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ጉልበት ሳይደርስ ሰው ይጥላል፤ ክፍት ቦዩም ከሥሩ አይታይም፤ ከፍ ወዳለው ቦታ ውጡ እንጂ አትሻገሩ። ሸራ ተወጥሮ ከታደረ ከሰል ወደ ውስጥ አይግባ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አንድ ምሽት መብራት አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ ከፈጀ የሆነ ዕቃ ቦታው ተሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት ፈትሺው፦ በሶው ሳይነቅዝ ቀይሪ፣ ውሃውን አድሺ፣ ፓወር ባንኩን ሙዪ። ግንቦት ላይ የልጆቹን ጫማና ዳይፐር ደግመሽ ለኪ፤ በጥር የገባው በግንቦት አይበቃቸውም።