የኪሮሽ መርፌን በሚሊሜትር መደርደር

እህቴ፣ የኪሮሽ መርፌዎችሽ መሳቢያ ውስጥ ተደባልቀው የምትፈልጊውን ቁጥር ማግኘት እንዳስቸገረሽ፣ ቀጫጭኖቹም መዛግ እንደጀመሩ ጽፈሻል። እኔ ከሳጥን ይልቅ የጨርቅ ጥቅል እመርጣለሁ። ወፈር ያለ አቡጀዲ ወይም ያረጀ ጂንስ ውሰጂ። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ አጥፈሽ፣ ወደ ታች እየሰፋሽ ጠባብ ኪሶች አውጪለት። ከላይ የሚከደን ትርፍ ጨርቅ ተዪ። አለበለዚያ ስትጠቀልዪው መርፌዎቹ ይወድቃሉ።

ዋናው ነገር አደራደሩ ነው። በመርፌው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኚ። በአሜሪካ መለያ ኤች-8 የሚባለው 5 ሚሊሜትር ነው፤ በድሮው የእንግሊዝ መለያ ግን 8 ቁጥር 4 ሚሊሜትር ነው። ዘመድ ከውጭ የላከልሽና እዚህ የገዛሽው ከተቀላቀሉ የሥራሽ ልክ ይዛባል። ስለዚህ በየኪሱ ላይ ሚሊሜትሩን ጥለፊ ወይም በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፊ።

የሚዝጉት ለዳንቴል የምንጠቀምባቸው ቀጫጭን የብረት መርፌዎች ናቸው። አሉሚኒየም እንደነሱ አይዝግም። የእጅ ላብ ስላለ፣ ሥራ ስትጨርሺ በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ መልሺያቸው። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረሽ ጠቅልዪ፤ ልጆች ግን እንዳያገኙት። በጣም የዛገውን ብትተዪው ይሻላል፤ ነጭ ክር ላይ የዝገት እድፍ ከያዘ ማስለቀቁ ከባድ ነው።

መቀስና ሜትር በብስኩት ቆርቆሮ ይበቃቸዋል። ያላለቀ ሥራ ስታስቀምጪ ግን የመርፌውን ልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ከክሩ ጋር እሰሪው።