«ፓራኖርማል» ማለት «ሰይጣናዊ» ነው እንዴ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። አብዛኛው «ፓራኖርማል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉን እወደዋለሁ። ያለ ቦታው ሲገባ ግን ሰውን በከንቱ ያስፈራል፣ እሱ ያሳዝነኛል። የቻልኩትን ልመልስ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምኖር የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ ፓራኖርማል ማለት «ሰይጣናዊ» ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?

አይደለም ወንድሜ። «ፓራ» በግሪክኛ ከጎን ወይም ከዚያ ባሻገር ማለት ነው። «ኖርማል» የመጣው ከላቲኑ «ኖርማ» ሲሆን፣ ኖርማ አናጢ ማዕዘን የሚያስተካክልበት መሣሪያ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ «ከተለመደው ልክ የወጣ» ይሆናል። ቃሉ ሰይጣንንም መልአክንም አልጠራም። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፣ ለቃል ገና ልጅ ነው። ስለ ሙታን መንፈስ፣ የሰውን ሐሳብ ሳይነገሩ ስለማወቅ፣ ነገን ቀድሞ ስለማየት ሲወራ፣ ሳይንስ በሚያውቀው መንገድ አልገለጸውም የሚባለውን ሁሉ በአንድ ስም ለመጥራት ይጠቅማል። «ከተለመደው ውጪ የሆነ» ብለህ ብትተረጉመው አትሳሳትም።

ከ«ሱፐርናቹራል» ጋር አንድ ነው? በጸበል ወይም በዱዓ የዳነን ሰው ፓራኖርማል ማለት እችላለሁ?

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሱፐርናቹራል «ከተፈጥሮ በላይ» ነው። በዕድሜም በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል፣ ያደገውም እምነት ውስጥ ነው። ፈጣሪ አደረገው ብለሽ የምታምኝውን ነገር ፓራኖርማል ካልሽው ለአማኙ ጆሮ ይጎረብጣል። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ጀበና ከበው ቡና በሚጠጡበት ወሎ ሁሉም «ተአምር» ይላል። ለሱ እንግሊዝኛው «ሚራክል» አለው።

የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። አንድ ሌሊት ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲበረታ መኪናውን አቁሜ ወረድኩ። ከመብራቱ ፊት ስቆም ጉሙ ውስጥ ቤት የሚያክል ሰው ቆሟል። እጄን ሳነሳ እሱም አነሳ። እስከ ኮምቦልቻ እየተንቀጠቀጥኩ ወረድኩ። ይሄስ ፓራኖርማል አይደለም?

እኔም ብሆን እንቀጠቀጥ ነበር! ግን መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ እጅህን ስታነሳ አነሳ። ያየኸው የራስህን ጥላ ነው። የመኪናው መብራት ከኋላህ ነበር፣ ጉሙ ደግሞ ከፊትህ። ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጠፍጣፋ ነው። ጉም ላይ ሲያርፍ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ዓይንም ርቀቱን መለካት ስለሚያቅተው በጣም ግዙፍ አድርጎ ያየዋል። ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ተራራ ላይም ይከሰታል፣ አንዳንዴም በጥላው ራስ ዙሪያ ባለ ቀለም ቀለበት ይታያል። ጀርመን አገር ብሮክን የሚባል ጉማም ተራራ አለ፣ ፈረንጆቹ ነገሩን በሱ ስም «የብሮክን መንፈስ» ይሉታል። ስሙ መንፈስ ነው፣ ነገሩ ብርሃንና ውሃ። ይልቅ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ በጉም ከመኪና መውረዱ ነው እኔን ያስፈራኝ።

ልጄ ሌሊት ትነቃለች፣ ግን መንቀሳቀስም መጮህም አትችልም። ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስላታል። ጎረቤቶቼ አንድ ነገር ተጠግቷታል ይሉኛል።

አብሽሪ እህቴ። ይሄ እኛ «ዱካክ» የምንለው ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነታችን ይታሰራል፣ ሕልማችንን በእጅ በእግራችን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ይዘገያል። ሕልሙ ገና አልጠፋም፣ ዓይኗ ግን ተከፍቷል። ለዚያ ነው ሰው የሚታያት። ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። በሰዓቷ ትተኛ፣ በጎኗ ትተኛ። ከተደጋገመ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላት ከሆነ ሐኪም ይያት። አደራ፣ «ተጠግቷታል» እያላችሁ አታስፈራሯት፣ ፍርሃቱ ራሱ እንቅልፏን ይነሳታል። የሚገርመኝ፣ የእንግሊዝኛው «ናይትሜር» ውስጥ ያለው «ሜር» ድሮ የተኛ ሰው ደረት ላይ የሚቀመጥ መንፈስ ስም ነበር። የነሱም አያቶች ዱካክን ያውቁታል ማለት ነው።

«አንኤክስፕሌይንድ» እና «አንኤክስፕሌይነብል» ልዩነታቸው ምንድን ነው? (ሰኞ ገበያ አካባቢ የማስተምር መምህር)

የመጀመሪያው «እስካሁን ያልተብራራ»፣ ሁለተኛው «ሊብራራ የማይችል» ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ በአውሮፓውያን 1882 ጅራታም ኮከብ አይተው ተደንቀው ከተማ ቆረቆሩ፣ ስሟንም ደስታዬ ሲሉ «ደሴ» አሏት ይባላል። በዚያ ዓመት የታየው ኮከብ በቀን ብርሃን ፀሐይ አጠገብ እስኪታይ ድረስ ደማቅ ነበር። ያን ሰሞን ቀና ብሎ ላየ ስንቱ ሰው አንኤክስፕሌይንድ ነበር። ዛሬ ግን በረዶና አቧራ መሆኑን፣ ጅራቱም ፀሐይ ስታሞቀው እንደሚወጣ ተማሪዎችዎ ያውቃሉ። ስለዚህ መምህር፣ ተማሪ ድርሰቱ ላይ «አንኤክስፕሌይነብል» ብሎ ሲጽፍ «እንደማይቻል በምን አወቅህ?» ብለው ይጠይቁልኝ።