የእንግዴ ልጅ ችግር ክብደቱ በምን ይለካል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ እንግዴ ልጅ የሚጠይቁ ናቸው። የሚመሳሰሉትን አቀላቅለን አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ የ21 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ነው። አልትራሳውንድ ስነሳ «እንግዴ ልጁ ታች ነው፣ በሩ ላይ ደርሷል» አሉኝ። ደም ፈሶኝ አያውቅም። እንግዲህ በኦፕራሲዮን መውለዴ ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ለመወሰን ገና ነው። በአምስተኛው ወር «ታች ነው» ከሚባሉት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል መውለጃው እስኪደርስ ከበሩ ይርቃሉ። እንግዴ ልጁ ተነቅሎ አይሄድም፤ የማህፀን የታችኛው ክፍል እየተለጠጠ ሲያድግ የተጣበቀበት ቦታ አብሮ ወደ ላይ ይነሣል። በሩን አልፎ ሙሉ በሙሉ የሸፈነ ከሆነ ወይም ቀድሞ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከሆነች ግን የመነሣት ዕድሉ ያነሰ ነው።

«ታች ነው» ብቻ የሚል ወረቀት ብዙ አይጠቅምዎትም። ከእንግዴ ልጁ ጠርዝ እስከ ውስጠኛው የማህፀን በር ያለው ርቀት በሚሊሜትር ተለክቶ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ርቀቱ 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በምጥ መውለድ ይቻላል። ከ20 በታች ሆኖ በሩን ካልነካ «ዝቅ ያለ» ይባላል፤ ከ11 እስከ 20 ባለው ውስጥ ብዙዎች ከሐኪም ጋር ተነጋግረው በምጥ ይሞክራሉ። በሩን ከሸፈነ ፕላሴንታ ፕሪቪያ ነው፤ መፍትሔውም ኦፕራሲዮን ነው። በ32ኛው ሳምንት ይደገም፤ ያኔም ካልተነሣ በ36ኛው አንድ ጊዜ ይታያል።

ምርመራው ራሱ የሚሳሳትበት መንገድ አለ። ፊኛ ከመጠን በላይ ሲሞላ የማህፀንን የፊትና የኋላ ግድግዳ አጣብቆ በሩ የተሸፈነ ያስመስላል፤ ስለዚህ ሽንትዎን ሸንተው ዳግም ይታዩ። እንግዴ ልጁ በጀርባ በኩል ከሆነ ደግሞ የሕፃኑ ጭንቅላት ይጋርደዋል። ጥርጣሬ ካለ በብልት በኩል የሚደረገው አልትራሳውንድ የተሻለ ይለካል። ብዙ ሴቶች ይፈሩታል፤ መሣሪያው ግን በሩን ሳይነካ ጥቂት ሴንቲሜትር ቀርቶት ስለሚቆም ደም አያስነሣም። ደም የሚያስነሣው በጣት የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ማንም እንዲያደርግብዎ አይፍቀዱ።

በ32ኛው ሳምንት አሁንም ከሸፈነ ቀሪው ጉዳይ የመንገድ ጉዳይ ነው። ኦፕራሲዮን የሚሠራበትና ደም የሚገኝበት ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ ቀረብ ወዳለ ዘመድ ወይም ወደ እናቶች ማቆያ አስቀድመው ይግቡ፤ ደም ሊለግሱ የሚችሉ ዘመዶችም ይለዩ። ደም ካልፈሰሰ ኦፕራሲዮኑ የሚታቀደው ከ36 ሳምንት እስከ 37 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሕመም የሌለው ደማቅ ቀይ ደም ካዩ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ጨርቅ ወደ ውስጥ ሳያስገቡ ከላይ ብቻ ደርበው ይሂዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የ34 ሳምንት እናት በሆድ ሕመም መጣች። ደሙ ሞዴሷን እንኳ አላራሰም፤ ሆዷ ግን እንደ ጣውላ ደርቋል። የልብ ምቷ 120፣ የደም ግፊቷ 110/70። አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም። ከባድ ነው ልበል?

መልስ፦ አዎ፣ ከባድ ነው ብለው ይነሡ። እንግዴ ልጅ ያለጊዜው ሲላቀቅ፣ አብራፕሽን የምንለው፣ ደሙ ከግድግዳው ጀርባ ሊታቆር ይችላል። ሞዴስ ላይ የሚታየው የወጣው ብቻ ነው፤ የቀረውን አይነግርም። አልትራሳውንድም ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይስታል፤ ትኩስ ደም የእንግዴ ልጁን መልክ ይዞ ይታያልና። «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» ብሎ እናትን ወደ ቤት መመለስ በዚህ ሁኔታ ትልቅ ስሕተት ነው።

የላኩልንን ቁጥሮች እንያቸው። የልብ ምቱን ለላይኛው የደም ግፊት ያካፍሉ፦ 120 ለ110 ሲካፈል 1.09 ይሆናል። በነፍሰ ጡር 0.9 ሲያልፍ ብዙ ደም የማጣት ምልክት ነው። ነፍሰ ጡር የደም መጠኗ ስለሚጨምር ግፊቷ ሳይወርድ ብዙ ደም ልታጣ ትችላለች። ካርዷን ገልጠውም የቀድሞ ግፊቷን ይዩ፤ ባለፈው ቀጠሮ 160/100 ከነበረች፣ ዛሬ «ጤናማ» የሚመስለው 110/70 መውረድ ነው። የደም ግፊት ደግሞ የአብራፕሽን ዋና መነሻ ስለሆነ ይህ ብዙ ያጋጥማል።

ደረጃውን እንዲህ ይለዩ። ደም ጥቂት ሆኖ ማህፀኑ በትንሹ ብቻ የሚያም፣ እናትና ፅንስ ደኅና ከሆኑ አንደኛ ነው። ማህፀኑ ሳይላላ ከያዘ፣ እናቲቱ ልቧ ከፈጠነ፣ የፅንሱ ምት ከተዛባ ሁለተኛ። የፅንሱ ልብ ከጠፋ ሦስተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሹና ከዚያ በላይ ተላቋል ማለት ነው፣ ደም አለመርጋትም ሊከተል ይችላል። የፅንስ ልብ ጠፍቶ እናቲቱ ደኅና ብትመስል እንኳ አትዘናጉ።

የደም መርጋትን ያለ ላቦራቶሪ ማየት ይቻላል። 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕ፣ ደረቅ፣ ምንም ባልተጨመረበት የብርጭቆ ቱቦ ይቅዱ፤ ፕላስቲክ አይሆንም። በጭብጥዎ ይዘው በሰውነትዎ ሙቀት ያቆዩት። በ4ኛው ደቂቃ ቀስ ብለው ያዘንብሉት፣ ከዚያ በየደቂቃው። እስከ 7ኛው ደቂቃ ካልረጋ፣ ወይም ረግቶ ወዲያው ከፈራረሰ፣ የመርጋት ችግር አለ፤ ይህንን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፉት። ፋይብሪኖጅን (ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፕሮቲን) የሚለካበት ሆስፒታል ከሆነ ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊተር በታች መሆኑ ለከባድ ደም መፍሰስ ምልክት ነው።

እስክትሄድ ድረስ በ16 ቁጥር ካኑላ ሁለት መስመር ይክፈቱ፣ ሾክ ካለ 1 ሊትር ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን በ15 እስከ 20 ደቂቃ ይስጡ፣ በግራ ጎኗ ያስተኟት፣ ካቴተር ያስገቡ፤ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ማነስ የለበትም። የማህፀኑን የላይኛ ጫፍ በሆዷ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉበት፤ ምልክቱን አልፎ ከወጣ ደሙ ወደ ውስጥ እየሞላ ነው። ምጥ ማስቆሚያ መድኃኒት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ። አሁን 25 ሳምንት ነኝ፤ ውጤቴ ፕሪቪያ ከፊት በኩል፣ «ላኩና» አለ፣ አክሪታ ይጠረጠራል ይላል። ማህፀኔን ያወጡታል?

መልስ፦ ሊያወጡት ይችላሉ። አክሪታ ማለት እንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ጋር ከልክ በላይ ተጣብቆ መያዙ ነው፤ የሚወሰነውም በዘለቀበት ጥልቀት ነው። ፕሪቪያ ሆኖ ቀድሞ አንድ ኦፕራሲዮን ላላት እናት አክሪታ የመኖር ዕድሉ 11 በመቶ ያህል ነው፣ ሁለት ላላት 40፣ ሦስት ላላት 61። እርስዎ በ40ው ውስጥ ነዎት፤ «ላኩና» ደግሞ ይህን ያጠናክረዋል። ላኩና ማለት በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚታዩ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ የደም ኩሬዎች ናቸው። ሐኪሙ አብሮ የሚያያቸው አሉ፦ በእንግዴ ልጁና በጡንቻው መካከል የሚገባው ጥቁር መስመር መጥፋቱ፣ ከፊኛ በታች ያለው ጡንቻ ከ1 ሚሊሜትር በታች መሳሳቱ፣ የፊኛው መስመር መቆራረጡ። ላይ ላዩን የያዘው አክሪታ፣ ጡንቻውን የዘለቀው ኢንክሪታ፣ አልፎ ወደ ፊኛ የወጣው ፐርክሪታ ይባላል። ኤምአርአይ በተለይ እንግዴ ልጁ በጀርባ ሲሆን ይረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም። ምልክት አለመታየቱም ነፃ አያወጣም።

የሚያዋጣዎ ቦታን መምረጥ ነው፤ እዚያ አካባቢ አክሪታን በቡድን የሚያክሙ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። የማህፀን ሐኪም፣ ሰመመን ሰጪ፣ የሽንት መሥመር ቀዶ ሐኪም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል እና በቂ ደም ባንድ ጊዜ የሚገኙበት ይሁን። ቀጠሮው ከ34 ሳምንት እስከ 35 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይያዛል። «እንግዴ ልጁን በእጅ ለማላቀቅ ይሞከራል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ በተረጋገጠ አክሪታ መልሱ «አይሞከርም» መሆን አለበት። የሚያደማው እሱ ነው። ማህፀንን ማቆየት ከፈለጉ አሁን ይናገሩ፤ በኦፕራሲዮኑ ጠዋት ይዘገያል። የቀድሞ ኦፕራሲዮኖችዎን ወረቀትም ያግኙ፤ በየትኛው በኩል እንደተቀደደ ይታያልና።

ጥያቄ፦ ደሜ ኦ ኔጋቲቭ ነው፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ። በ29ኛው ሳምንት ትንሽ ደም አይቼ ቆመ። የቀረኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። አንቲ-ዲ (ሰውነትዎ የፅንሱን ፖዘቲቭ ደም የሚያጠቃ መከላከያ እንዳይሠራ የሚያደርግ) መርፌ፣ 300 ማይክሮግራም፣ ደሙ ከታየ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት። ይህ መጠን ወደ 30 ሚሊ ሊትር ለሚሆን የፅንስ ደም ይበቃል፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። 72ቱ ሰዓት ካለፈም ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ዘግይቶ መስጠት ጨርሶ ካለመስጠት ይሻላል።