በክር መስራት ለምትፈልጉ ልጆች፣ ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ልጆች። ሰሞኑን በቴሌግራም ያው አንድ አይነት ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ፣ አብዛኞቻችሁ የአርት ተማሪዎች ናችሁ ወይ ገና መመረቃችሁ ነው፣ "በኪሮሽ ወይም በሹራብ ማህበራዊ መልእክት ያለው ስራ መስራት እፈልጋለሁ ምን ይመክሩኛል" ትላላችሁ። ለየብቻ መመለስ አቅቶኛል ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ክር ላይ ነው፣ መጀመሪያ የእጅ ስራ አስተማሪ ነበርኩ ከዛ የራሴን እየሰራሁ ማሳየት ጀመርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ አይኔ ደከም ብሏል እጄ ግን አላረፈም።

እስቲ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ፣ ለምን ክር? በቀለም ወይ በቪዲዮ ብትሰሩት ያው የሚሆን ከሆነ ክሩን ተዉት፣ የምሬን ነው። ክር ቆንጆ ስለሆነ፣ ኢንስታግራም ላይ ስለሚያምር፣ "ሴታዊ" ስለሆነ የሚሰራ ስራ በዝቷል፣ አንዱን አይታችሁ ሌላውን ብታዩ ልዩነቱ አይገባችሁም።

ሁላችሁም የምትልኩልኝን ያንን ሮዝ ታንክ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማሪያኔ ዮርገንሰን የምትባል የዴንማርክ አርቲስት ሀገሯ ኢራቅ ጦርነት ውስጥ መግባቷን ተቃውማ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክ ከላይ እስከ ታች በሹራብ አለበሰችው፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ድሮ ቤተክርስቲያን የነበረ አሁን የዘመናዊ አርት ማዕከል የሆነ ኒኮላይ የሚባል ቦታ ደጃፍ ላይ አቆመችው። አፈሙዙ ሳይቀር የአራስ ልጅ እግር ሹራብ ያጠለቁለት ነው የሚመስለው። ጎንና ጎኑ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ከ4000 በላይ ቁራጭ ነው የተሰፋፋው፣ ከዴንማርክ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ፣ ከሌላም ሀገር ሰው እየሰራ ልኮላታል። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት፣ አንዱ ቁራጭ ጥብቅ ያለ ነው አንዱ ላላ ያለ ነው፣ ሮዙም አንድ አይነት ሮዝ አይደለም፣ የአንዷ እጅ ከሌላዋ እጅ ይለያል። አሁን ያንን ታንክ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት በስፕሬይ ሮዝ ሊቀባው ይችል ነበር እኮ! ቢቀባው ግን ማን ያስታውሰዋል። ይሄ ሁሉ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ ጊዜው፣ ስለ ጦርነቱ የራሱ አቋም ኖሮት የሰራው መሆኑ ነው ስራውን ስራ ያደረገው። በክር ስራ ላይ ማን ሰራው፣ ስንት ሰዓት ቁጭ ብሎ፣ ለምን ብሎ የሚለው ዋናው ነገር ነው፣ እኔ በዚህ ድርድር አላውቅም።

በእጅ ካልተሰራ አይሆንም ማለቴም አይደለም። ሮዝማሪ ትሮክል የምትባለዋ ጀርመናዊት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሆን ብላ በማሽን ነበር የምታሰራው፣ መዶሻና ማጭዱን፣ ፕሌይቦይ የሚባለውን የወንዶች መጽሔት የጥንቸል ምልክት በሹራብ ላይ እንደ ጥለት ደጋግማ ደርድራ እንደ ስዕል ሸራ ወጥራ ሰቀለችው፣ ሹራብ የሴት የቤት ስራ ነው ብለው የሚንቁትን ሰዎች በራሳቸው ጋለሪ ውስጥ አፋጠጠቻቸው። እሷ የእጅ ሙቀት አልፈለገችም፣ ለዛ ነው ማሽን የመረጠችው። ምርጫ ይሁን ነው የምለው።

ወደኛ ስንመጣ። እኛ ሀገር ፈትሉ የሴት ሽመናው የወንድ ሆኖ ነው የኖረው፣ ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ እዩ። ሀገር ሁሉ የሚለብሰውን ጥበብ የሚሰራውን ሰው ግን ቁጢት በጣሽ እያልን ስንሰድብ ነው የኖርነው፣ አጤ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው ላይ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። በክር የሚኖር ሰውና ንቀት እዚህ ሀገር አብረው ነው ያደጉት፣ ይሄ ራሱ ስንት ስራ ይወጣዋል። ኪሮሽ ደግሞ የእናቶቻችሁ ነው፣ ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ፍሪጁ ላይ ዳንቴል፣ እናንተ ፋራ ነው ብላችሁ አንስታችሁ ቁምሳጥን ውስጥ የወረወራችሁት። እሱን አውጡትና እዩት እስቲ። ኤልያስ ስሜንም እዩ፣ በኮምፒውተር ቁርጥራጭ ሽቦ ዓለም ሳያውቀው በፊት ሸራ ላይ ክር እየሰፋ፣ ቁልፍ እየደረደረ የሰራ ሰው ነው፣ መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ያላያችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ባለፈው አንዲት ተማሪ ፕሮፖዛል ይዛ እኔ ጋር መጣች፣ ኤክስካቫተር በሹራብ ማልበስ እፈልጋለሁ አለችኝ። ልጄ ይሄ ታንኩ ነው አልኳት፣ ሳቀች። እዚህ ብሎካችን ስር ከምሳ በኋላ ጥላ ሲሆን ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ከፒያሳም ከካዛንቺስም በልማት ተነስተው የመጡ አሉ፣ እስቲ ዝም ብለሽ ከነሱ ጋር ቁጭ በይ አልኳት። ቁጭ አለች፣ መጀመሪያ ኪሮሹን አያያዟ ራሱ ያስቃቸው ነበር። አንድ ቀን አንዷ እናት ያላለቀ የጠረጴዛ ዳንቴል አወጡ። የድሮ ሰፈራቸው እያሉ ከጎረቤታቸው ጋር የጀመሩት ነው፣ አበባውን የምታውቀው ጎረቤትየዋ ነበረች፣ እሷ ኮዬ ፈጬ ደረሳት እሳቸው እዚህ መጡ። አበባውን ብቻቸውን ሊጨርሱት ሞክረው አልመጣ ሲላቸው በሚያውቁት በሌላ ቀጠሉበት። እዛ ጋ ስታዩት መሀሉ ላይ ይቀየራል፣ እስከዛ ድረስ ባለ ስድስት ቅጠል ነው ከዛ ወዲያ ዝም ብሎ መረብ ነው፣ ክሩም ከሌላ ሱቅ ስለሆነ ነጭነቱ ይለያል። ልጅቷ ይሽጡልኝ አለቻቸው፣ እምቢ አሉ። ጥሩ አደረጉ! ከዛ በኋላ ነው ስራው የመጣላት፣ እንደነሱ የተነጣጠሉ ጎረቤታሞችን እየፈለገች አንዷ እዚህ የጀመረችውን ሌላዋ ኮዬ ወይ ጀሞ እንድትጨርሰው በታክሲ እያመላለሰች። ማንንም ንድፍ አላስያዘችም። መጀመሪያ ያሳየችውም እዚሁ ኮንዶሚኒየሙ የጋራ ህንጻ ውስጥ ነው፣ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ይሄ የኔ ነው ይሄ ያንቺ ነው እያሉ ሲከራከሩ ዋሉ፣ ስለ ኮሪደር ልማቱ አንድ መስመር ጽሁፍ ግድግዳው ላይ አልነበረም አያስፈልግም ነበር።

ለያንዳንዷ ከፍላለች፣ ስማቸውንም ከራሷ ስም እኩል ጽፋለች። ይሄን ያልኳት እኔ ነኝ፣ አሁንም ለሁላችሁም እላለሁ። ዴንማርክ ቁራጭ የላኩት ሴቶች በጎ ፈቃደኛ ናቸው ትሉኛላችሁ፣ አዎ ናቸው፣ እዚህ ግን ዳንቴል ሸጣ የቤት ኪራይ የምትከፍልን ሴት "ኮሚዩኒቲ ፕሮጀክት ነው" ብላችሁ በነጻ ካሰራችኋት ስሙ ሌላ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ስሙን የማልጠራው ጋለሪ እኔና አስር የማንሞላ ሴቶች የሰራነውን ካታሎግ ላይ በአንድ ሰው ስም አወጣው፣ እኛ ፎቶው ላይ አለን፣ እጃችን ብቻ። እነዛ እህትማማቾቹ ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርታይም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በኪሮሽ የባህር ኮራል የሚያሰሩት (ባህሩ እየሞቀ ኮራሉ እየሞተ ስለሆነ ነው የጀመሩት)፣ በየከተማው ስንት ሰው ተሳትፎበት የሰሪዎቹን ስም ይዘረዝራሉ። ያን ያህል ሰው ስሙ ከተጻፈ የናንተ ስምንት ሴቶች እንዴት ያቅታችኋል።

አሁን ስለ እቃው። የሱፍ ክር ተወዷል፣ ስለዚህ ሰልባጅ ሹራብ ገዝታችሁ ተርትሩ። ስትገዙ ገልብጡትና የጎኑን ስፌት እዩ፣ ጨርቁ ተቆርጦ ዳሩ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ አትግዙ፣ ስትተረትሩት ቁርጥራጭ ክር ነው የሚሆንባችሁ። ዳሩ ራሱ ተሰርቶ ያለቀ፣ በአንድ ክር የተሰፋ ከሆነ ግን እስከ መጨረሻ ድረስ ይወጣላችኋል። የተተረተረውን በወንበር ጀርባ ጠቅልላችሁ፣ እጠቡት፣ ሲደርቅ ከታች ቀለል ያለ ክብደት አንጠልጥሉበት መጠማዘዙ ይለቀዋል። አዲስ ክር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የሚበቃችሁን ባንዴ ግዙ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ መሆኑን አይታችሁ፣ ያው ቀይ ነው ብላችሁ በሌላ ሳምንት ብትመለሱ ያው ቀይ አይደለም። ትልቅ ስራ ስትሰቅሉ ከጀርባው ጨርቅ ስፉበት፣ ሹራብ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ በመክፈቻው ቀን ልክ የነበረው በሳምንቱ መሬት ይነካል።

ቱሉ ዲምቱ መምጣት ለምትፈልጉ፣ ከምሳ በኋላ ኑ፣ የራሳችሁን ኪሮሽ ይዛችሁ። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፣ ፎቶ የሚነሳው ሴቶቹ እሺ ሲሉ ብቻ ነው፣ አንዳንዷ በጭራሽ አትፈልግም እሷን አትጨቅጭቁ።