ለፕሬሸር ኩከሩ ክስ የትኛው ኤክስፐርት ይሻላል?

ሰላም እህቴ። እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። የፕሬሸር ኩከሩ ክዳን እንፋሎቱ ሳይወጣ ተከፍቶ ደረታቸውንና ክንዳቸውን አቃጥሏቸዋል። አምራቹን ሜሪላንድ ውስጥ ከሳችኋል። ጠበቃችሁ ሁለት ኤክስፐርት ምስክሮች አቅርቦላችኋል፦ አንዱ የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር፣ ሌላው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ኢንጂነር። "የቱን እንምረጥ?" ነው ጥያቄሽ።

እኔ እዚሁ አካባቢ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ፓራሊጋል፣ ማለትም የጠበቃ ረዳት ነኝ። የኤክስፐርቶችን ፋይል ማገላበጥ የዘወትር ሥራዬ ነው። ጠበቃ ስላልሆንኩ የመጨረሻውን ውሳኔ ከጠበቃችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ያየሁትን ግን ልንገርሽ።

በማዕረግ አትምረጪ። በሥራ ዘመንም አትምረጪ። መጀመሪያ የምትጠይቂው ይህን ይሁን፦ ድስቱን በእጁ ይዞ የሚመረምረው፣ የሚለካውና የሚሞክረው የትኛው ነው?

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። በ1993 አንድ ሚኒቫን እየሄደ የኋላ ጎማው ፈነዳ። አንድ ተሳፋሪ ሞተ፣ ሌሎቹ ክፉኛ ተጎዱ። ቤተሰቡ ኩምሆ የተባለውን የጎማ አምራች ከሰሰ። ያቀረቡት ኤክስፐርት በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ያለውና ሚሽለን የተባለው የጎማ ኩባንያ ውስጥ 10 ዓመት የሠራ ሰው ነበር። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ትያለሽ። ነገር ግን ጎማው ጉድለት ነበረበት የሚለውን አስተያየቱን መጀመሪያ የሰጠው ፎቶ አይቶ ነው። ጎማውን ራሱን የመረመረው ለዴፖዚሽን (ከችሎት በፊት በመሐላ ለሚሰጥ ቃል) በቀረበበት ዕለት ጠዋት፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት ነበር። ጎማው ያለቀና ሁለት ቦታ ተበስቶ የተጠገነ ነው። ስንት ማይል እንደሄደ ሲጠየቅ፣ ከ10 ሺህ ይብለጥ ከ50 ሺህ በእርግጠኝነት መናገር አልቻለም። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1999 ምስክርነቱ ተቀባይነት አላገኘም። ፍርድ ቤቱ የሰውየውን ዕውቀት አልተጠራጠረም። የተጠራጠረው እዚያ መደምደሚያ ላይ የደረሰበትን መንገድ ነው። የሰውየው ቃል ውድቅ ሲሆን የቤተሰቡ ክስም አብሮ ወደቀ።

ስለዚህ ያ የፋብሪካ ኢንጂነር "20 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ሳየው አውቀዋለሁ" ብቻ ካለሽ ተጠንቀቂ። ፕሮፌሰሩም ስለ ብረት ጥንካሬ የጻፈው ጥናት ቢደረደር፣ የድስት ክዳን መቆለፊያ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ያው ነው።

ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህን የኤክስፐርት ማጣሪያ ዶበርት ከሚባለው የ1993ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ ይዘውታል። ሜሪላንድም በ2020 ተቀብላዋለች። ዳኛው የሚያያቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው፦ ሐሳቡ ሊሞከር ይችላል? ተሞክሯል? ሌሎች ባለሙያዎች ገምግመውታል? የስህተቱ መጠን ይታወቃል? የሙያው ሰዎች ይቀበሉታል? ሌላም ነገር አለ። አምራቹ የሌላ ስቴት ኩባንያ ከሆነና የተጠየቀው ካሳ ከ75 ሺህ ዶላር በላይ ከሆነ፣ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለማዛወር መሞከሩ የተለመደ ነው። እዚያ ደግሞ በ2023 መጨረሻ ደንቡ ይበልጥ ጥብቅ ሆኗል። ምስክሩ ብቁ መሆኑን የማሳየት ሸክሙ የእናንተ ነው።

በእናንተ ጉዳይ ጥሩ ኤክስፐርት ምን ያደርጋል? ክዳኑን ከመፈታታቱ በፊት በኤክስሬይ ወይም በሲቲ ስካን ውስጡን ያያል። ግፊት ሲኖር ክዳኑ እንዳይዞር የሚያግደው ፒን መሥራቱን ያጣራል። የዚያኑ ሞዴል አዲስ ድስቶች ገዝቶ ክዳናቸው በስንት ግፊትና በምን ያህል ጉልበት እንደሚከፈት ይለካል። ዩኤል 136 ከሚባለው የፕሬሸር ኩከር መስፈርት ጋር ያነጻጽራል። ከዚያ ችግሩ የዚህች አንዲት ድስት የአሠራር ጉድለት ነው ወይስ የጠቅላላው ሞዴል የዲዛይን ጉድለት የሚለውን ይለያል። የዲዛይን ከሆነ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ሊሠራ የሚችል የተሻለ መቆለፊያ እንዳለ ማሳየት አለበት። ኩባንያው "ሴትዮዋ በጉልበት ነው የከፈቱት" እንደሚል አትጠራጠሪ። ያንን የሚመልሰው የተለካ ቁጥር ነው።

ስለ ቃጠሎው ግን ኢንጂነሩ አያውራ። ለእሱ ሐኪም አለ። ከሙያው ወጥቶ ሁሉንም ልመልስ የሚል ኤክስፐርት ያስፈራኛል። "ይህን አላውቅም፣ የኔ ሙያ አይደለም" የሚለውን ሰው ጁሪም ያምነዋል።

የቀድሞ ምስክርነቱ ይመርመር። በፌዴራል ደንብ ሪፖርቱ ላይ ባለፉት 4 ዓመታት የመሰከረባቸውን ጉዳዮች፣ ባለፉት 10 ዓመታት የጻፋቸውን ጽሑፎችና የሚከፈለውን ገንዘብ መዘርዘር ግዴታው ነው። እኛ ቢሮ አንድ ጊዜ ተቃራኒ ወገን ያመጣው ኤክስፐርት ሌላ ክስ ላይ ፍጹም ተቃራኒውን ተናግሮ አገኘን። ዴፖዚሽኑ ላይ የራሱ ቃል ሲነበብለት መግቢያ አጣ። የናንተም ሰው እንዲህ እንዳይጋለጥ አሁኑኑ ይታይ። ከዚህ በፊት ዳኛ ምስክርነቱን ከልክሎት እንደሆነም ጠይቁ። ለከሳሽ ብቻ የሚመሰክር ነው ወይስ ለአምራቾችም? ለሁለቱም የሠራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ክፍያው በሰዓት ነው መሆን ያለበት። ከካሳው ፐርሰንት የሚጠይቅ ካለ ጭራሽ አትቅረቡት፤ ክልክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኤክስፐርቱ የዚያን ቀን የሆነውን ከእናትሽ ከራሳቸው ይስማ። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ በባለሙያ አስተርጓሚ ይሁን። አንቺ ወይም ወንድምሽ አሳጥራችሁ አትንገሩለት። እሳቱን መቼ እንዳጠፉ፣ እንፋሎቱን እንዴት እንዳስወጡ፣ ክዳኑን በየት በኩል እንደያዙ ሁሉ ያስፈልገዋል። ኋላ እናትሽ ዴፖዚሽን ላይ የሚሉት ከሪፖርቱ ጋር ከተጋጨ፣ ምርጥ የተባለው ሪፖርትም ዋጋ ያጣል።

ድስቱስ የት ነው ያለው? አልጻፍሽም። ቤት ካለ እባክሽ አትጠቡት፣ ክዳኑን አትሞክሩት፣ የክዳኑን ጎማ አታውጡ። ሣጥኑን፣ መመሪያውን፣ ደረሰኙን ሰብስቢ። ፎቶ አንሥተሽ እንዳለ ለጠበቃችሁ አስረክቡ፤ ማን መቼ እንደተረከበው በጽሑፍ ይያዝ። የሚሰብር ወይም የሚቆርጥ ምርመራ ካለ ለተከሳሹ ቀድሞ ተነግሮት፣ የእሱም ባለሙያ ባለበት ይደረግ። አለበለዚያ ማስረጃ አጠፋችሁ ተብሎ ክሱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለጠበቃችሁ ዛሬ ኢሜይል ጻፊለትና ሁለት ነገር ጠይቂው። የኤክስፐርት ስምና ሪፖርት ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ከሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት ድስቱን መርምሮና ሞክሮ የሚጨርሰው የትኛው ነው? መልሱን እዚህ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።