መልስ፦ ማኒላ ሮድ (የአሜሪካ ሄቪ ሜታል ሙዚቃ ባንድ) ለምን አገራቸው ላይ አልታወቁም?

ወንድሜ "40 ዓመት ሰርተው እንዴት አሜሪካ ውስጥ ሳይታወቁ ቀሩ፣ ደሞስ ተበትነው ነበር ወይ" ላልከው፣ እንደኔ ትልቁ ምክንያት ሰፈራቸው ነው። ባንዱ የተመሰረተው እ.ኤ.አ. 1977 ዊቺታ፣ ካንሳስ ነው፣ በ80ዎቹ ደሞ ሜታል ሲባል ሁሉም የሚያየው ካሊፎርኒያን ነበር፣ ማን ካንሳስ ድረስ ሄዶ ባንድ ይፈልጋል? ስለዚህ ማርክ ሼልተን (ጊታሩም ድምፁም ግጥሙም በአብዛኛው የሱ ነው) የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ሮድስተር በሚባል በራሳቸው ሌብል (ሙዚቃ አሳታሚ) አወጣቸው፣ የ1983ቱ ክሪስታል ሎጂክም እንደዛው ነው የወጣው። ከዛ ብላክ ድራገን የሚባል የፈረንሳይ ሌብል በ1985 ኦፕን ዘ ጌትስ የሚለውን አልበም ሲያወጣላቸው አውሮፓ ላይ አድማጭ አገኙ፣ በተለይ ግሪኮችና ጀርመኖች እስከዛሬ ያብዱላቸዋል።

አዎ በ90ዎቹ መጀመሪያ ቆመው ነበር፣ በ2001 በአትላንቲስ ራይዚንግ አልበም ተመለሱ። እኔን ደስ የሚለኝ ድሮ ሮዲያቸው (ኮንሰርት ላይ ዕቃ የሚሸከምና የሚያዘጋጅላቸው) የነበረው ብራያን ፓትሪክ ዘፋኝ ሆኖ መግባቱ ነው፣ ቅጽል ስሙም ሄልሮዲ ነው ሃሃ። ሼልተን ጁላይ 2018 ጀርመን ፌስቲቫል ላይ ተጫውቶ ሳይቆይ እዛው በ60 ዓመቱ አረፈ፣ ባንዱም በዛው አበቃ።

ለመጀመር ክሪስታል ሎጂክን ስማ። ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ሼልተንም በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስላል፣ ግን ኔክሮፖሊስ የሚለውን ዘፈን ሰምተህ ካልወደድከው ሌላውን አትልፋበት።