ሚስት ዓረብ አገር፣ ባል ደሴ፦ ይህን ጥናት ይዤ የት ላመልክት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዲግሪዬን ባለፈው ዓመት በሥነ ልቦና ጨርሻለሁ፤ ያጠናሁት ሚስት ዓረብ አገር ሄዳ ባል ልጆች የሚያሳድግባቸውን ትዳሮች ነው። አሁን በትዳርና በቤተሰብ ትምህርት የድኅረ ዶክትሬት ምርምር መሥራት እፈልጋለሁ። በዚህ ስም የወጣ ማስታወቂያ ግን አጣሁ፤ ለፕሮፌሰሮች ብጽፍም የሚመልስልኝ የለም። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ይሠራል፣ ሁለት ልጆች አሉን። ቤተሰቤን ሳልበትን ይሳካልኛል?

ከደሴ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ማስታወቂያውን ያጡት ዘርፉ በሌላ ስም ስለሚጠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው «የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ሳይንስ» በሚባሉ የትምህርት ክፍሎች፣ አለዚያም በሕዝብ ጤናና በማኅበራዊ ሥራ ሥር ነው፤ በእነዚህ ስሞች ይፈልጉ። እዚያ ግን ቦታው ብዙ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ባገኘው የምርምር ገንዘብ የታሰረ ነው፤ የእሱን ጥያቄ ነው የሚሠሩለት።

የራስዎን ጥያቄ ይዘው ለመሄድ የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሚሰጥበት የማሪ ኩሪ ድኅረ ዶክትሬት ይሻልዎታል። ዜግነት አይገድብም። ዶክትሬት ከያዙ 8 ዓመት ያላለፈዎት፣ በሚሄዱበት አገር ደግሞ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ያልኖሩ መሆን አለብዎት። ቆይታው ከ12 እስከ 24 ወር ነው። ማመልከቻው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚዘጋው እንቁጣጣሽ አካባቢ ስለሆነ አስተናጋጅ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚቀበልዎትን ፕሮፌሰር፣ ፍለጋውን ጥርና የካቲት ላይ ይጀምሩ። ሐምሌ ላይ የተላከ ኢሜይል ፕሮፌሰሩን እረፍት ላይ ነው የሚያገኘው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። መጀመሪያ ከሥራቸው አንዱን ጠቅሰው ምን እንደቀረው ይንገሯቸው፤ ቀጥለው የእርስዎን ጥያቄ፤ በመጨረሻ «ለዚህ ዓመት የማሪ ኩሪ ማመልከቻ አስተናጋጅ ይሆኑኛል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የአንድ ገጽ እቅድ ያያይዙ። «በማንኛውም ርዕስ ልሠራ ዝግጁ ነኝ» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

ጥያቄውማ በእጅዎ ነው። የሚያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ የትዳር ትምህርት በ300 ጥንዶች ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል፤ እሱም ቢሆን የተሠራው አብረው ለሚኖሩ ጥንዶች ነው። አሠሪዋ ስትፈቅድላት ብቻ በኢሞ የምትደውል ሚስት፣ የላከችውን ብር እዚህ ሆኖ የሚያዝበት ባል፣ እነዚህ ጥንዶች ምን ዓይነት ትምህርት ይጠቅማቸዋል? ጉራጌ ውስጥ በ64 መንደሮች፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ በ14 ክፍለ ጊዜ በትዳር ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የተሰጠውን ትምህርት ጥናት ሳያነቡ አይጻፉ፤ የጎላው ለውጥ የታየው ወንዶቹን በሰበሰበው ቡድን ነበር። የእርስዎም ባሎች በየቅሬያቸው (በየእድራቸው) ይገኛሉ።

እቅድ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ ላይ ነው። መጠነኛ ለውጥ (በስታቲስቲክስ መለኪያ 0.3) በ80 በመቶ ኃይል ለማየት፣ ማለትም ለውጡ ካለ ከ100 ጊዜ 80ውን ለማግኘት፣ ትምህርቱን በሚያገኘውም በማያገኘውም ቡድን 175 ጥንዶች ያስፈልጋሉ። ከየቅሬው 15 ጥንዶች ቢወስዱና የአንድ ቅሬ ሰዎች መመሳሰል (ከ0 እስከ 1 በሚለካው) 0.05 ቢሆን ቁጥሩ በ1.7 (1 + 14 × 0.05) ይባዛል፤ 298 ይሆናል። 20 በመቶው ቢያቋርጥ 373። ይህ በሁለት ዓመት አይገፋም። 30 ያህል ጥንዶች ያሉት የሙከራ ጥናት ያቅርቡ፤ ስንቱ እስከ መጨረሻው እንደሚቆይ ማወቁ ራሱ ውጤት ነው።

መለኪያውንም ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ባለ 32 ጥያቄ የጥንዶች መጣጣም መለኪያ ስለመሳሳም ይጠይቃል፤ ባሕር ተለያይተው ለሚኖሩ ምን ይለካል? ባለ 16 ጥያቄው የጥንዶች እርካታ መለኪያ ይቀላል። ስለ ጥቃት የሚጠይቁ ከሆነ ሚስትየዋን ለብቻዋ፣ ሰው በማይሰማበት ይሁን፤ ያንኑ ጥያቄ ለባልየው አይድገሙት። አሠሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ የተሞላ መጠይቅ አይጠቅምዎትም፣ ሴትዮዋንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ስለ ቤተሰብዎ፦ ማሪ ኩሪ ባለትዳር ለሆነ ተመራማሪ የቤተሰብ አበል ይጨምራል። ባለቤትዎ መሥራት መቻሉ ግን በየአገሩ ይለያያል፤ ለአስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ስለ ትዳር ጓደኛ የሥራ ፈቃድና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት አስቀድመው ይጻፉ። ዩኒቨርሲቲው ለሦስተኛ ዲግሪ ሲያስተምርዎ የፈረሙት የአገልግሎት ውል ካለም አሁኑኑ አውጥተው ያንብቡት፤ የቀረዎት ጊዜ ካለ ከማመልከትዎ በፊት የትምህርት ክፍልዎን በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ።